እንዝራው የወለቀ በገና

ሞጣ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ እናቴ ካረፈች ወዲህ እናትም አክስትም ሆነው ላሳደጉኝ ለእትዬ አሰጋሽ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ወገብዎስ? ዓይንዎስ? ጎረቤቶችዎ፣ በር ላይ የሚተኛው ውሻዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ሳልጽፍ መቅረቴ እንዳስቆጣዎት አውቃለሁ። ወንዙ ሞልቶ ፖስታው አልሄድ ብሎ ነበር፤ ግማሹ ግን የራሴ ስንፍና ነው፤ ይማሩኝ።

አሁን የምጽፈው ሥራዬን ልነግርዎና አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ለትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ተብሎ የተላከ ቴፕ አለ፤ ድምፅ የሚቀዳ ማሽን ነው፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሞተሩ ደክሞ ስለነበር ሳይንስ አስተማሪው እኔ ነኝና "ባዘዘው ይየው" ብለው ሰጡኝ፤ ጠገንሁት። የስልክ ቤቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ ከአንድ የተጣለ ስልክ ላይ፣ ጆሮ ላይ የሚደረገውን ክፍል ፈትቶ ሰጠኝ። ያንን በቅል ሆድ ላይ አስሬ ሽቦውን ወደ ቴፑ ስሰደው፣ ቅሉን በጣት ጫፍ ሲነኩት ነጎድጓድ ይሆናል። ከላምባ ጣሳና ከብስክሌት ሽቦ አንድ መሣሪያ ሠራሁ፤ በማሲንቆ ደጋን ሲገዘግዙት ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። የወፍጮ ድንጋይ ቀዳሁ፣ ዋሽንት ቀዳሁ፣ የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ሲጥሲጥታ ቀዳሁ። ከዚያ የቴፑን ክር በምላጭ እቆርጥና ከክሊኒክ ባመጣሁት ፕላስተር እንዳሻኝ እቀጥለዋለሁ። መንኰራኵሩን በጣቴ ያዝ ሳደርገው ዋሽንቱ ዘግይቶ የበሬ ድምፅ ያወጣል።

ምን ይባላል ይሉኝ ይሆናል። በውጭ አገር እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ አንድ መጽሔት ላይ አንብቤያለሁ፤ እነሱ ሙዚቃ ይሉታል። የኛ ዲሬክተር ግን "የባዘዘው ጋኔን" ይለዋል።

ልመናዬ በገናዎን ነው። ያለኝ ድምፅ ሁሉ ቀጭን ነው፤ ከመሬት በታች የሚመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ አጣሁ። በልጅነቴ በገናውን ሲደረድሩ መደቡ ላይ ተኝቼ በጀርባዬ እሰማው ነበር። ለሦስት ወር ቢያውሱኝ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ።

ልጅዎ ባዘዘው


ቢቸና፣ ኅዳር ፳፪ ቀን

ለልጄ ለባዘዘው፤

ጅብ በልቶት ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልበላህም፤ ተመስገን። ወገቤም ዓይኔም አሉ። ውሻው ከሞተ ዓመት ሆነው፤ ሰላምታህን ለማን ልስጥልህ?

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከቅል ነጎድጓድ፣ ከጣሳ ለቅሶ አወጣሁ ትላለህ። ልጅ ሆነህም የቤቴን ድስት ሁሉ እያንኳኳህ ራሴን ታዞረኝ ነበር፤ አሁን መንግሥት ደመወዝ እየከፈለህ ታንኳኳለህ። አድገህ ነው እንግዲህ።

በገናው ግን ድስት አይደለም። አባቴ መሪጌታው፣ ነፍሱን ይማርና፣ መርጡለ ማርያም ሳለን ፊደሉንም ድርደራውንም ከወንዶቹ ተማሪዎች እኩል አስተማረኝ። ሲሞትም ለወንዶቹ ልጆቹ መሬቱን ሰጠ፤ ለኔ በገናውን። ወንድሞቼ ያን ጊዜ ሳቁብኝ። ባለቤቴ ካረፈ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ሁዳዴ ሳልደረድር አላለፈም። ሰው በጾም ይርበዋል፤ እኔ የምጠግበው በጾም ነው።

ስለዚህ እሰጥሃለሁ፤ በልክ ግን ነው። ዘንድሮ ጾሙ የካቲት ፳፫ ይገባል። ከዚያ በፊት እጄ ይግባ። እሱ ከሌለ ያ ሁሉ ሳምንት በዚህ ባዶ ቤት እንዴት እንደሚያልፍልኝ አላውቅም፤ ይህን እወቅልኝ። ሽቦ ማሰርህ ኃጢአት እንደሆነ የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ሕይወትን ጠይቄአቸዋለሁ። "ጠላ ቤት አይጫወትበት እንጂ ሽቦው ምን ያደርገዋል" አሉኝ።

በጋቢ ጠቅልዬ በነጋዴው በይርሳው መኪና ልኬልሃለሁ። ጋቢውም ይመለስ።

አክስትህ አሰጋሽ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ ፳ ቀን

ለውድ አክስቴ ለእትዬ አሰጋሽ፤

እጅ ነሥቻለሁ። በገናው ሳይነካ ሳይጫር ደርሷል። ጋቢው ግን በጣም ስለሚሞቅ ለጊዜው አብሮኝ ይቆይ።

ዛሬ የምሥራች ይዤልዎ መጥቻለሁ። የስልኩን ጆሮ በገናው ገበቴ ላይ አስሬ አውታሮቹን ብነካቸው አንድም ጥርት ያለ ድምፅ አጣሁ፤ ሁሉም ዝዝዝ ይላል። እኛ ራዲዮ ስንጠግን ዝዝታ የሰማን እንደሆነ አንድ ነገር ላልቷል ወይም ቆሽሿል ማለት ነው። ሁለት ቀን ፈለግሁና ምክንያቱን አገኘሁት። እዚያ ብርኩማው ላይ፣ አውታሮቹ በሚያርፉበት፣ በእያንዳንዱ ሥር አንዳንድ ያረጀ የቆዳ ቁራጭ ተወትፏል። አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ ተጨማዷል። አሥሩንም በወረንጦ እየለቀምሁ አወጣሁና እሳት ውስጥ ጣልኋቸው። አውታሮቹንም ወለወልሁ።

አሁን እንዴት እንደጠራ ቢሰሙት። ያ በልጅነቴ የማውቀው መነዝነዝ ለካ የእርጅና ነበር። እርስዎ ይህን ሁሉ ዘመን በታመመ በገና ሲደረድሩ ኖረዋል፤ እኔ አድኜ እመልስልዎታለሁ። ደስታዎን በዓይኔ ባየሁት።

ልጅዎ ባዘዘው


ቢቸና፣ ጥር ፲፬ ቀን

ባዘዘው፤

ደኅና ነህ? እኔ ደኅና አይደለሁም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እርግማን እየመጣብኝ አስቀመጥሁት።

እሳት ውስጥ የጣልኸው እንዝራ ይባላል። አባቴ ቆርጦ ያስገባው ነው። አውታሩ ሲመታ እንዝራውን ይነካውና ይነዝራል፤ በገና በገና የሚሆነው በዚያ ነው። እንዝራው የወጣበት በገና ገመድ የተወጠረበት ገበቴ ነው፤ ሊጥ አቡካበት። አድኜዋለሁ ትላለህ። እኔ አንተን ሳሳድግ ንፍጥህን ጠረግሁ እንጂ አፍንጫህን አልነቀልሁም።

አምጣውና ራሴ ልሥራው እንዳልል ሌላ ነገር መጥቶብኛል። ከታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ጀምሮ የግራ እጄ ጣቶች ደነዘዙ። በገና የሚደረደረው በግራ መሆኑን እንኳ ታውቅ እንደሆነ እንጃ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርፌ ይዞ "ያምዎታል?" አለኝ። መርፌው ጣቴ ውስጥ መግባቱን ያወቅሁት በዓይኔ አይቼ ነው። ይህን ካንተ ሌላ ለማንም አልነገርሁም፤ ጎረቤቶቼ ብርድ መትቷት ነው ይላሉ።

እንዝራ መቁረጥ አልችልም። መደርደርም አልችልም። ጾሙ ሊገባ አርባ ቀን እንኳ የለውም።

አሰጋሽ


ሞጣ፣ ጥር ፳፩ ቀን

ለእናቴ ለእትዬ አሰጋሽ፤

እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ። ደብዳቤዎን ክፍል ውስጥ ከፍቼ ማስተማሩን ትቼ ወጣሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ ልመጣ ዲሬክተሩን ፈቃድ ጠየቅሁት፤ "ፈተና ደርሷል፣ ከፋሲካ በፊት አይታሰብም" አለኝ። ብለምነውም እምቢ አለ።

ከበገናው ይልቅ እጅዎ አስጨነቀኝ። እባክዎ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይሂዱ። ብርድ ነው ብለው አይተዉት።

እኔ የምጠላው ነገር ሰው የሠራሁትን ሳያውቅ "ጋኔን" ሲለው ነው። ሳላውቅ የአያቴን ሥራ ቆሻሻ ያልሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ቴፑን ዘግቼዋለሁ፤ ጣሳውም ቅሉም ጥግ ተቀምጠዋል። እርስዎ ካልቻሉ እኔ ልሥራው። እንዴት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚገባ በወረቀት ያስተምሩኝ። የልጅ እጅ አይደል? እጅዎ ያድርጉኝ።

ጥፋተኛው ባዘዘው


ቢቸና፣ የካቲት ፩ ቀን

ለልጄ ለባዘዘው፤

ድንጋዩን አውርደው፤ ይቅር ብያለሁ። አንጀቴ የሚቆርጥብህ መስሎህ ነበር? ደግሞ ቴፕህን ለምን ዘጋህ? እኔ በገናዬን ነው የጠየቅሁህ፤ ሥራህን ተው አላልሁህም። ቂመኛ አታስመስለኝ።

ደብረ ማርቆስ ሄጄ መጣሁ። ሐኪሙ "ይሻልዎት ይሆናል" አለኝ፤ ላይሻልዎትም ይችላል ማለቱ ነው። በቀኝ እጄ ልሞክር ብዬ አየሩን ደረደርሁት፤ ቀኙ መጻፍ እንጂ መደርደር አያውቅም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ማን አስተማረው?

እንግዲህ ስማኝ። ቆዳው የፍየል ይሁን፤ ስስ ሆኖ የደረቀ። ከትንሿ ጣትህ ጥፍር አይብለጥ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል ታስገባዋለህ። ብዙ ከገባ አውታሩን ያፍነዋል፤ ካነሰ አይነካውም። መሐሉን ጆሮህ ይነግርሃል እንጂ ወረቀት አይነግርህም። አንድ ጊዜ ስትመታው ድምፁ ቶሎ ካለቀ አልሆነም። ከመታኸው በኋላ ንብ በመዳፍህ የያዝህ ያህል እየነዘረ ቆይቶ ቆይቶ የሚያልቅ ከሆነ እሱ ነው። ያኔ እጅህን አንሣና ሌላውን ጀምር።

አትቸኩል። አባቴ አንዱን እንዝራ ለማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር፤ እሱም ባለሙያ ሆኖ ነው።

አክስትህ አሰጋሽ


ሞጣ፣ የካቲት ፯ ቀን

ለእትዬ አሰጋሽ፤

የካቲት ገብቶ ብርዱ ቀለል ሲል እጅዎም ቀለል ብሎት ይሆን? ስለሱ ሳያሳጥሩ ይጻፉልኝ።

ሥራው አልሆነልኝም። ከአርባ በላይ እንዝራ ቆርጫለሁ። አንዱ ያፍናል፣ አንዱ ይንጣጣል፣ አንዱ እንደ ዝንብ ጥቂት ይልና ዝም። ትክክለኛውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ያኔ ተኝቼ ነበር የምሰማው። ያለርስዎ ጆሮ አይሆንም።

አንድ ነገር አሰብሁ። ኃይለ ጊዮርጊስን አማከርሁት፤ "ይቻላል" አለ። ያንን የስልክ ጆሮ ገበቴው ላይ አስረን ሽቦውን ከስልክ መስመሩ ጋር እናገናኘዋለን። እርስዎ ቢቸና ስልክ ቤት ይቀመጣሉ፤ እኔ እዚህ አውታሩን እመታለሁ፤ በገናው በሽቦው ይመጣልዎታል። እርስዎ "አስገባ፣ አውጣ፣ ሳብ፣ አላላ" ይሉኛል። ቅዳሜ የካቲት ፲፬ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይምጡ። ደብዳቤው ቢዘገይ እንኳ የቢቸናዋ ስልከኛ ንግስት መልእክቱ ደርሷታል፤ ሰው ትልክብዎታለች።

እሺ ይበሉኝ እንጂ "ጋኔን" አይበሉኝ።

ባዘዘው


ቢቸና፣ የካቲት ፲፮ ቀን

ለልጄ ለባዘዘው፤

ሽቦው ላይ ያልተናገርሁትን ልጻፍልህ፤ እዚያ ሰው ነበረ፣ አፍሬ ነው።

ስልክ ቤት የደረስሁት ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው። ንግስት የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ በገና በዓይኗም አይታ አታውቅም። ወንበር ሰጠችኝና "ሃሎ ይበሉ" አለችኝ። "እንደምን አደርህ ብል ሽቦው አይወስደውም?" አልኋት፤ ሳቀች። አንድ ነጋዴ የጤፍ ዋጋ ሊጠይቅ ተራ ይዞ ነበር፤ "እማማ ይቅደሙ፣ አጭር ናት መቼም የሳቸው" አለ። ያ ምስኪን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን አውታር ስትመታው ከፋኝ። ድምፁ አለ፤ በገና ግን አይደለም። "አውጣ" አልሁህ፣ አወጣህ። "ትንሽ አስገባ" አልሁህ፣ ብዙ አስገባህ፤ ትንሽ ማለት ላንተ ከልጅነትህም ብዙ ነው። በሁለተኛው ላይ ተቆጣሁህ፤ በአራተኛው ላይ አንተ ተቆጣኸኝ። የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ ፈርተኸኝ ብትቀር ኖሮ አይቃኝም ነበር።

ሰባተኛው ነዘረ። ንግስት ያንን የጆሮ ማዳመጫዋን ደፍታ መስመሩን ትጠብቅ ነበርና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነጋዴው "ምንድን ነው? እኔም ልስማው" አለ፤ ሰጠሁት፤ ሰማና መልሶ ሰጠኝ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አሥረኛው ሲያልቅ አለቀስሁ። "መስመሩ ተቆረጠ?" ያልኸኝ ያን ጊዜ ነው። አልተቆረጠም፤ እኔ ነበርሁ።

አሁን ሌላ ልጠይቅህ። እስከ ፋሲካ አትመጣም፤ በገናውን ብትልከውም ለኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንጨት ነው። ስለዚህ አንተው ዘንድ ይቆይ። በጾሙ የመጀመሪያ ዓርብ፣ የካቲት ፳፯፣ በዘጠኝ ሰዓት አንተ እዚያ ደርድር፤ እኔ እዚህ በቃሌ እላለሁ። አምስት አውታር ይበቃል። የቱን ጣት ከየቱ አስከትለህ እንደምትመታ በሌላ ወረቀት በቁጥር ጽፌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ እየደጋገምህ ተለማመድ። ዘንድሮ ዝም ብዬ እንዳልቀር ያለኝ መላ ይኸው ብቻ ነው።

አክስትህ አሰጋሽ


ሞጣ፣ የካቲት ፳፪ ቀን

ለእትዬ አሰጋሽ፤

ነገ ጾም ነው፤ በሰላም ያስጀምርዎ።

ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ትናንት ስለማመድ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው ሳይስቁ ሰሙኝ። ዲሬክተሩ መጣ፤ ልጆቹን ገፋ አድርጎ እሱም ቆመ።

አንድ ፍርሃት ግን አለኝ፤ ሳልደብቅ ልንገርዎት። በገና የጸሎት ነው። እኔ ጸሎት የማዘወትር ሰው አይደለሁም፤ ያውቁኛል። ስንት ዘመን ሲጸልዩበት የኖሩትን ነገር የኔ እጅ ያረክስብዎት ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። አይሆንም ካሉኝ አልቀየምም።

ከፈቀዱልኝ ደግሞ ዓርብ ቴፑን አስነሥቼ ልቅዳው። ምላጭ አላስነካውም፤ እንዳለ ይቀመጣል።

ባዘዘው


ቢቸና፣ የካቲት ፳፱ ቀን

ለልጄ ለባዘዘው፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ዓርብ ካለፈ በኋላ። እንኳንም ዘገየ። ቀድሞ ቢደርሰኝ ስለ ጸሎት ረጅም ነገር እጽፍልህና አስፈራራህ ነበር፤ አንተም መልሰህ ታስፈራራኝ ነበር። እንዲያው ደረደርህ፤ እኔም አልሁ።

ሽቦው መጀመሪያ የራሱ ነገር ነበረው። እንደ ነፋስ ሽው ይላል፤ ከሩቅ አንድ ሰውዬ "ደጀን፣ ደጀን" እያለ ይጣራል። ቀጥሎ በገናው ከዚያ ሁሉ ሥር መጣ። ቀድሜ ያሰብሁት ሌላ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ይኼ ነው፦

መንገዱ ረዘመ፣ ስንቄም አለቀብኝ፣
አንተ ነህ ማደሪያ፣ በሩን አትዝጋብኝ።

ሦስተኛው ጣት ላይ ሁልጊዜ ትዘገያለህ። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ በኋላ ጠበቅሁህ፤ ከዚያ መዘግየትህን ወደድሁት፤ ትንፋሽ የምወስድበት አገኘሁ። እጄ ያረክሰዋል ላልኸው፣ ባዘዘው፣ እሱን ለእግዚአብሔር ተውለት። እኔ የሰማሁት አንድም ነገር አልጎደለውም።

የቀዳኸውን ክር እንዳሻህ አድርገው። ቁረጠው፣ አዘግየው፣ ከጣሳህ ጋር አጋባው፤ ሥራህ ነው። ዝዝታውን ብቻ እንዳታጠራው።

ስንጨርስ ንግስት "እማማ፣ ጣቶችዎ" አለችኝ። የግራ እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ስዘምር ጣቶቹ አንድ በአንድ ይሄዱ ነበር አለች፤ እንዴት እንደሄዱ በራሷ ጣት ስታሳየኝ በቁጥር የጻፍሁልህ ተራ ነው። እኔ አላወቅሁም፤ አይሰማኝምና። ዝቅ ብዬ ሳያቸው ቆመው ነበር።

ከስልክ ቤት ስወጣ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ በመስኮት ሰምተው ነው። ጎረቤቴ ወለተ ኢየሱስ ወደኔ መጥታ እጄን ያዘችኝ፤ ግራውን። "ዘንድሮ አሰጋሽ በገናዋ የለም ሲሉ ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ ታዲያ ማነው የደረደረው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኋት።

ጾም ነው፣ ውሸት አይገባም። ቤቴ እስክደርስ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ፤ ዋሽቼ እንደሆነ ግን ላገኘው አልቻልሁም።

አክስትህ አሰጋሽ